የገመድ ጣይ ልጅ

አባቴ አንማው ገመድ ጣይ ነበረ፤
የደምበጫን ማሳ በክንዱ የሰፈረ፣
ወንድም ከወንድሙ በትልም ሲካሰስ
ድንጋይ ቀብሮ የሚያስታርቅ፣ ጸቡን አፈር የሚያለብስ።

እኔ ደግሞ ልጁ፣ ባሕር ዳር፣ ማማ ላይ፣
በመስታወት ታጥሬ የምለካ ሰማይ።
ገመዴ ቁጥር ነው፤ ድንጋዬም ድምፄ ነው፤
ትልሙ አይታይም፣ አፈሩ ነፋስ ነው።

ድሮ ቀላል ነበር።
ጠዋት አንድ አውሮፕላን፣ ከሰዓት ሁለት፣
ከጣና የሚነሳ የይብራ መንጋ፣
ጥንብ አንሳው በቄራው አናት ሲዞር (እሱ ጌታ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅ፤
እኛ ነን ለሱ የምንጠብቅ)።

አሁን ግን ድሮን መጣ።
ሆዱ ሁለት ከረጢት ደም፣ ጥቂት በረዶ፤
የሞጣ ገጠር መንገድ በጎርፍ ቢናድ፣ እሱ በነፋስ ማዶ ለማዶ።
ከርሞ ደግሞ ሌላ ይመጣል አሉን በሥልጠናው ቀን፣
ሰው አሳፍሮ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል ታክሲ።
አንዱ ከኋላ «ጊዮርጊስ ላይ ወራጅ አለ!» ሲል ሳቅን።

ሳቅን፤ ማታ ግን ወረቀት ዘርግቼ ሰማዩን ደርብ በደርብ ሸነሸንኩት።
ለድሮኑ ከባሕር ዛፍ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣
ለታክሲው ከዚያ በላይ፣
ለትልቁ ከደመና ወዲያ፣
ለወፍ... ለወፍ ምን ልስጠው?
የሱን ርስት አይደል የምንሸራርፈው?

ሐሙስ ዕለት፣ ሐምሌ፣ ሰማዩ በግማሽ ጠቁሮ፣
ሰባ ሰው የጫነ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ መጥቶ ማረፊያ ጠየቀ።
በዚያው ደቂቃ ልየው ከድሮን ጣቢያው ደወለ፤
«አትጠገብ የምትባል ወላድ ደም ይፈሳታል፣ ልቀቂኝ» አለ።
ማን ይቅደም? አባቴ እንዲህ ያለ ማሳ ለክቶ አያውቅም።
«ካፒቴን፣ ጣናን አንዴ ይዙሩልኝ።»
«ምክንያቱ?»
«ከፊትዎ የሚያልፍ ጎረቤት አለ።»
ራዲዮው ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ይለፍ፤ እንዞራለን።»

ሰባ ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ዞረ፤
አንድ ልጅ ምናልባት በመስኮት ደሴት ቆጠረ።
ከሥራቸው ነጯ ነገር እንደ ትንኝ እያለቀሰች
በአዴት በኩል ሄደች።

ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ ሻይ አዘዝኩ።
ከብዙ ደቂቃ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ከጤና ኬላው፣ አዋላጇ ይታይሽ፦
«ደሙ ደርሷል እህቴ፣ በጃንጥላ ወርዶ ሜዳው መሃል፤
ግን ሰው የለም። ድምፁን ሲሰማ ገበያው ተበትኗል፣
ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቷል፣ ጉድባ ለጉድባ ተኝቷል።
አስታማሚዋ እንኳ ነጠላ ተከናንባ መሬት ላይ ናት።
ያ ድምፅ ደም ሲያፈስ እንጂ ደም ሲያመጣ መች ሰማን?»

ራሷ ሮጣ አነሳችው።
አትጠገብ ተረፈች። ለልጁ ስም ገና አላወጡለትም።

አባቴ ገመድ ሳይጥል ጎረቤት ይጠራ ነበር፣
ወዳጅም ይምጣ ጠላትም፣ ሁሉም ቆሞ ይይ።
«ያልጠሩት ጎረቤት ካለ፣» ይል ነበር፣
«የቀበርከው ድንጋይ ሌሊቱን ይሄዳል።»
እኔ ግን ስሸነሽን የላይ የላዩን ጠራሁ፤
ሰማዩን ይዤ ሰሚውን ረሳሁ።

አሁን ልየው ሲደውል፣ እኔ ደግሞ ለይታይሽ እደውላለሁ፦
«በአዴት በኩል ናት፣ ነጭ ናት፣ ንገሪልኝ።»
ጥሩምባ ይነፋ ብያት ነበር፤ «እሱ ለቀብር ነው» ብላ እምቢ አለች።
ከመኪና ቸርኬ የተሠራውን የኬላውን ደወል
ሦስት ጊዜ ትመታለች።

አሁንም የሚሮጥ አለ ትላለች። አሁንም የሚከናነብ።
ባለፈው ግን አንድ ሽማግሌ፣ ዱላውን ተደግፈው፣ ሽቅብ እያዩ፣
«የማን ናት ይቺ?» ብለው ጠየቁ፣ ቆመው ቆዩ።

መዝገቤ ላይ፣ ከከፍታው፣ ከአቅጣጫው፣ ከፍጥነቱ በታች፣
ቦታ ባልተሰጠው ባዶ መስመር ላይ
ጻፍኩት፦
አንድ ሰው ቆሟል።